ከጆሮዎ ቢያወርዱኝ አልቀየምም

ሰው ሥራሽ ምንድን ነው ሲለኝ መልሱ ስለሚረዝምብኝ «ኮምፒውተር ነው» ብዬ አልፋለሁ። እናቴም ለጎረቤት የምትናገረው ይህንኑ ነው። እናንተ ግን እስከዚህ ድረስ ማንበብ ከጀመራችሁ ጊዜ አላችሁ ማለት ነውና ረጅሙን መልስ ልንገራችሁ። ግማሽ ቀን ፕሮግራም የምጽፍ፣ ግማሽ ቀን ደግሞ ፕሮግራሙን ለሰው በሰው ቋንቋ የማስረዳ ሴት የሆንኩት በአንድ የድንች ማሳ ምክንያት ነው። አዎ፣ በድንች።

ያኔ ዩኒቨርሲቲ ከጨረስኩ ብዙም አልቆየሁም። ደብረ ማርቆስ ውስጥ፣ ከታች ጫማ ቤት ካለበት ፎቅ ላይ፣ በአንዲት ክፍል ተጠጋግተን የምንሠራ ጥቂት ልጆች ነበርን። አለቃችን ዳዊት ይባላል፤ ሲናደድ ድምፁ የሚቀንስ ዓይነት ሰው ነው። እኔ ደግሞ ኮድ ላይ እጄ ፈጣን ነው፣ አፌም ከእጄ አያንስም። ሁለት ነገር አልወድም ነበር፤ መጠበቅና መመሪያ መጻፍ። የሠራሁት ነገር ያልገባው ሰው ካለ ደግሞ ችግሩ የሰውየው ነው ብዬ ከልቤ አምን ነበር።

ስለዚህ ዳዊት «መቅደስ፣ የተጠቃሚውን መመሪያ አንቺ ጻፊው» ሲለኝ እንደ ቅጣት ቆጠርኩት። ኮድ የማይችል ሰው ፈልግለት አልኩት። የሠራሽው አንቺ ስለሆንሽ የምታውቂው አንቺ ነሽ አለና ወደ ሥራው ተመለሰ። እልህ ይዞኝ ጻፍኩት። ማውጫ ያለው፣ ባለቀለም ሥዕል ያለው፣ ወፍራም መመሪያ ሆነ። ያንን ይዞ የማይገባው ሰው ካለ በቃ አይገባውም ማለት ነው አልኩ።

ሥራው ምን ነበር መሰላችሁ፤ ከሮብ ገበያ ከተማ ወጣ ብሎ፣ ከጮቄ ተራራ ሥር፣ ወንዝ ጠልፈው በበጋ ድንች የሚያለሙ ገበሬዎች አሉ። ውሃው በተራ ነው የሚዳረሰው። ተራውን የሚጠብቁት የውሃ አባት ይባላሉ፤ ሰፈሩ በአንድ ድምፅ መርጦ የሾማቸው ሽማግሌ፣ አያ ሽፈራው ናቸው። እሳቸው ጉብታው ላይ ወጥተው «የእገሌ ተራ!» ብለው ይጣሩና ቦዩን ይከፍታሉ። የተጠራው ካልሰማ ጣጣ ነው፤ ለዘመዱ አዳላ ይባላል፣ አድማ ይነሳል። ባለፈው በጋ ሁለት ወንድማማቾች በውሃ ተራ ዱላ ተማዘዙ። ከዚያ በኋላ ሰፈሩ መከረና ተራውን ስልክ ይጥራ፣ የስልክ ቃል የመጨረሻ ይሁን፣ ማንም ለሌላ ቤት አይመልስ ብሎ ተማማለ። ለዚህ ነው እኛ ዘንድ የመጡት።

የሠራሁት ነገር ቀላል ነው። ጠዋት ለባለተራው ስልክ ይደወላል፣ አስቀድሞ የተቀዳ ድምፅ ተራው መድረሱን ይነግረዋል፣ ውሃውን የሚወስድ ከሆነ አንድ ቁጥርን ይጫናል። ካልመለሰ ረፋድ ላይ አንዴ ይደገምለታል። አሁንም ካልመለሰ ተራው ወደሚቀጥለው ቤት ያልፋል። ድምፁ የእኔ ነው። ዳዊት ትልልቅ ሰዎች ናቸውና በጨዋ ደንብ ጀምሪ ስላለኝ መጀመሪያው ላይ «ጤና ይስጥልኝ፤ እንዴት አደሩ?» አልኩበት። በዚያች ሰላምታ እንዴት እንደኮራሁ አትጠይቁኝ።

ታዲያ አንድ ቀን አያ ሽፈራው ቢሮ ደወሉ። ስልካችሁ አንዱን ቤት ውሃ ከለከለው አሉ። አያ ምንይችል የሚባሉ ገበሬ ሁለት ተራ አልፏቸዋል። ድንቹ ማፍራት በጀመረበት ሰዓት ነው ውሃ ያጣው፤ ነገ ደግሞ ሦስተኛ ተራቸው ነው፤ ያ ካመለጣቸው ማሳው አለቀለት። ከኮምፒውተሬ ቀና ሳልል ኔትወርክ ነው አልኩ። ዳዊት ድምፁን በጣም ቀንሶ «እንግዲያው ሂጂና ኔትወርኩን እይልኝ» አለኝ።

ከማርቆስ በሚኒባስ፣ ከዚያ በባጃጅ፣ የቀረውን በእግሬ ሄጄ ከሰዓት በኋላ ደረስኩ። መጀመሪያ ያየሁት ማሳውን ነው። ግራና ቀኙ የጎረቤት ድንች ጥቁር አረንጓዴ ሆኖ ቆሟል፤ የአያ ምንይችል ግን ቅጠሉ ተጠቅልሎ አንገቱን ደፍቷል። እሳቸው ረዘም ያሉ፣ ባርኔጣቸው ከራሳቸው የማይለይ ሽማግሌ ናቸው። ጎንበስ ብዬ ሰላም አልኳቸው። እጄን እንደያዙ ፊቴን አተኩረው አዩ።

«እስቲ ድገሚው» አሉኝ።

«እንዴት ዋሉ፣ አባቴ?»

«ጥሩዬ! ኧረ ነይ፤ ያቺ የምትዘጋብኝ ልጅ በእግሯ መጣች» ብለው ባለቤታቸውን ጠሩ።

እትዬ ጥሩዬ እየሳቁ ወጡ። እኔም ሳቅሁ እንጂ ፊቴ ቲማቲም መስሎ ነበር። ለካ ሁለቱም ከስልኩ በድምፄ ያውቁኛል። እትዬ ጥሩዬ አንድ ቀን ስልኩን አንስተው የማን ልጅ ነሽ ብለው ጠይቀውኝ ነበር፤ ሳልመልስ ዘጋሁባቸው። አያ ምንይችልም ስልኩ አልደወለም ወይ ብላቸው በጣም ይደውላል አሉኝ። ልጅቷ ትደውላለች፣ እንነጋገራለን፣ ወጉ መሐል ላይ ሲደርስ ትዘጋለች። ቅሬታቸው ይኸው ነው።

ቤት ገባን። ግድግዳው ላይ ከጋዜጣና ከአሮጌ ቀን መቁጠሪያ ጋር የተለጠፈ አንድ የማውቀው ነገር አየሁ። መመሪያዬ ነው። ማውጫው ከመስኮቱ በላይ፣ ባለቀለም ሥዕሎቹ በአልጋው ራስጌ ናቸው፤ የችግር መፍቻው ምዕራፍ ተገልብጦ ተለጥፏል። እትዬ ጥሩዬ ዓይኔን ተከትለው ወረቀቱ ጠንካራ መሆኑን፣ አቧራም እንደማያስገባ ነገሩኝና የላከልንን ሰው እግዜር ይስጠው ብለው መረቁኝ። አሜን አልኩ፤ ሌላ ምን እላለሁ?

ስልኩን ተቀብዬ ፈተሽኩት። ቁልፍ ያላት ትንሽ ስልክ ናት፤ ባትሪዋ ደህና፣ ቁልፎቿ ደህና፣ ኔትወርኩም አለ። የሙከራ ጥሪ አስደወልኩና አጠገባቸው ቆሜ «አሁን አንድን ይጫኑ» አልኳቸው። ወዲያው ተጫኑ፤ ሠራ። ደግሜ አስደወልኩ፤ አሁንም ሠራ። እንግዲህ የነገውም እንዲሁ ነው አልኩና የቀረበልኝን ቅቅል ድንች በአዋዜ ስበላ አመሸሁ። በሞቴ፣ አፈር ስሆን እየተባልኩ መተንፈስ እስኪያቅተኝ በላሁ። ልጆቻቸው አድገው በየከተማው ስለተበተኑ ጉርሻው ሁሉ በእኔ ላይ አረፈ።

ጠዋት ውርጩ ሳይለቅ ጋቢ ተከናንቤ በር ላይ ተቀምጬ ሳለሁ ስልኩ ጮኸ። ጥግ የነበሩት አያ ምንይችል ብድግ አሉ። ባርኔጣቸውን አወለቁ። ወደ ደጅ ወጡና ቀጥ ብለው ቆመው ስልኩን ጆሯቸው ላይ አደረጉ። ድምፄ ከስልኩ ውስጥ እንዴት አደሩ ሲል ሰማሁት።

«እግዚአብሔር ይመስገን! እንዴት አደርሽ ልጄ? ደህና ነሽ ወይ? ቤተሰብ ደህና ነው? አገሩ ሰላም ነው?»

የተቀዳው ድምፄ መቼ ይሰማል! እሳቸው ስለ ቤተሰቤ ሲጠይቁ እሱ ስለ ውሃ ተራ ያወራል። ሁለቱ አንድ ላይ ተናገሩ። አያ ምንይችል ጨዋ ናቸውና ልጅቷ ስትናገር ዝም አሉ፤ የመጨረሻውን ቃል ብቻ ሰምተው ራሳቸውን በአክብሮት እየነቀነቁ «እሺ ልጄ፣ እወስዳለሁ፤ እግዜር ይስጥልኝ» አሉ። በአፋቸው። ጣታቸው ንቅንቅ አላለም። እኔ ከጋቢው ተላቅቄ ብድግ አልኩ፤ አልደረስኩም። ስልኩ ጥቂት ጠበቀና ተዘጋ።

«አየሽ?» አሉኝ ወደ እኔ ዞረው። «ትዘጋለች።»

አባቴ፣ አንድን ይጫኑ ብዬዎት አልነበረም ወይ አልኳቸው። አላጡትም። የግብርና ባለሙያውም ነግሯቸዋል፣ አያ ሽፈራውም ነግረዋቸዋል፣ እኔም ትናንት አስጭኛቸዋለሁ። ግን ለመጫን ስልኩን ከጆሮ ማውረድ ያስፈልጋል።

«እያናገረችኝ እኮ ነው» አሉኝ፣ ይህን አለማወቄ ገርሟቸው። «አንቺ ሰው እያናገረሽ ጆሮሽን ነስተሽ ትሄጃለሽ?»

ነገሩ ያኔ ገባኝ። ትናንት የሠራው አጠገባቸው የቆምኩት እኔ ስለነበርኩ ነው፤ የሚታዘዙት ፊት ለፊት ያለሁትን ሰው እንጂ ስልኩን አልነበረም። ሌሎቹ ቤቶች ያልተቸገሩትም ስልኩን የሚያነሱት ተማሪ ልጆቻቸው ስለሆኑ ነው፤ ልጆቹ ሰላምታም አይመልሱ፣ ወዲያው ተጭነው ይሄዳሉ። እዚህ ቤት ግን ያሉት ሁለት ሽማግሌዎች፣ ሁለቱም ከመጠን በላይ ጨዋ።

ጉብታው ላይ አያ ሽፈራው ዶማቸውን አስደግፈው ተቀምጠዋል፤ ዙሪያቸውን ደግሞ ተራ የሚጠባበቁ ሰዎች አሉ። እየሮጥኩ ወጣሁና አንድ ጊዜ ብቻ እኔ ልጫንላቸው ብዬ ለመንኩ። አያ ሽፈራው ሳይቆጡ፣ ቀስ ብለው መለሱልኝ።

«ልጄ፣ ስልኩን ያመጣነው ማንም ለማንም እንዳያዳላ ነው። ዛሬ አንቺ ከተጫንሽለት ነገ ከተማ ዘመድ ያለው ሁሉ ያስጭናል። አንቺም ነገ ማርቆስ ነሽ። እሱ ራሱ ይመልስ፤ ከመለሰ ቦዩን በዚህ እጄ እከፍትለታለሁ። ካልመለሰ ግን ተራው ያልፋል፣ ሆዴ እየባባም ቢሆን።»

ደግሞም ረፋድ ላይ ሲደወል ከቤቱ ራቂ፣ እዚሁ እኛ ዘንድ ሆነሽ ሰው ሁሉ ይይሽ አሉኝ። የተቀመጡት ሰዎች ልክ ነው ብለው አጨበጨቡላቸው። እኔም ልክ እንደሆኑ ስለገባኝ የበለጠ ተናደድኩ።

የቀረኝ አንድ ጥሪ ነው። ኮዱ ምንም አልጎደለውም፤ ስህተቱ ያለው እኔ ሥራ ነው ብዬ ባልቆጠርኩት ቦታ፣ በንግግሩ ውስጥ ነው። ከባሕር ዛፎቹ ሥር ዳታ ይይዛል ስላሉኝ ላፕቶፔን ጉልበቴ ላይ ዘርግቼ አዲስ ንግግር መጻፍ ጀመርኩ። መጀመሪያ ያደረግኩት ችኩል ሰው የሚያደርገውን ነው፤ ሰላምታውን ቆርጬ ጣልኩት። «የውሃ ተራዎ ነው። አንድን ይጫኑ።» እትዬ ጥሩዬ ቁርስ ሳትበላ ሄደች ብለው በሰሃን ድንች ይዘው ተከትለውኝ ነበርና አነበብኩላቸው። ፊታቸው ተቀየረ።

«ይቺ ደግሞ የማን ባለጌ ናት? ምንይችል እንዲህ ላለችው ስልኩን ነው የሚዘጋባት» አሉኝ።

ስለዚህ ሰላምታውን መለስኩት። ሰላምታው ካለ ግን መልስ ያስፈልገዋል፤ መልስ ካለ ደግሞ ዝም ብሎ የሚሰማ ያስፈልጋል። ከሰላምታው በኋላ ረዘም ያለ ዝምታ አስገባሁ፤ ስለ ቤተሰቤም፣ ስለ አገሩም ጠይቀው የሚጨርሱበት። ቀጥሎ ማን እንደሆንኩ መናገር አለብኝ፤ ሰው አይደለሁማ። እሱን ጻፍኩ። ከዚያ ግን ዋናው ነገር ቀረ፤ ስልኩን ከጆሯቸው የሚያስወርዳቸው ምንድን ነው? ያውርዱ ማለት ትዕዛዝ ነው፤ ትዕዛዝ ደግሞ ሰምተው ያውቃሉ። ጽፌ አጠፋሁ፣ ጽፌ አጠፋሁ። ፀሐይዋ ወደ ላይ እየወጣች ነው። እትዬ ጥሩዬ አንዴ የእኔን ጣት፣ አንዴ የተጠወለገውን ማሳቸውን እያዩ «ቀስ በይ ልጄ፤ የቸኮለ አፍሶ ለቀመ» አሉኝ። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀስ ብዬ ዓረፍተ ነገር የጻፍኩት ያኔ ነው።

በመጨረሻ የወጣው ይኸው፦

«ጤና ይስጥልኝ፤ እንዴት አደሩ?» ዝምታ። «እግዚአብሔር ይመስገን። እኔ የተቀዳ ድምፅ ነኝ፤ የሚሉኝን መስማት አልችልም፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። የዛሬው የውሃ ተራ የእርስዎ ነው። ውሃውን የሚወስዱ ከሆነ ስልኩን ከጆሮዎ አውርደው አንድ ቁጥርን ይጫኑ። ከጆሮዎ ቢያወርዱኝ አልቀየምም። እጠብቃለሁ።»

ለእትዬ ጥሩዬ አነበብኩላቸው። «ይቺስ የሰው ልጅ ናት» አሉኝ።

ነፋሱ ድምፄን እንዳይወስደው ጋቢያቸውን ከነራሴ ተከናንቤ፣ እንደ ድንኳን አድርጌ ቀዳሁት። ከውጭ ያሉት ሰዎች ይስቃሉ፤ ጋቢው ውስጥ ሆኖ እንዴት አደሩ የሚል ሰው አይተው አያውቁም። ወደ ቢሮው ኮምፒውተር ስልከው ኔትወርኩ እያዘገመ፣ እየቆመ፣ እያስለመነ ሄደ። የማውቀውን ቅዱስ ሁሉ ጠራሁ። ያለቀው ከመደወያው ሰዓት በፊት ለትንሽ ነው። ቃሌን ጠብቄ ጉብታው ላይ ሄጄ ከአያ ሽፈራው አጠገብ ተቀመጥኩ፤ እትዬ ጥሩዬም ከእኔ ጎን ተቀመጡ።

ከላይ ግቢው ቁልጭ ብሎ ይታያል፤ ድምፅ ግን አይሰማም። አያ ምንይችል ከቤት ወጡ። ስልኩ ደውሏል ማለት ነው። ባርኔጣቸውን አወለቁ። ስልኩን ጆሯቸው ላይ አደረጉና ቀጥ ብለው ቆሙ። እጃቸው ሲንቀሳቀስ እናያለን፤ ስለ ቤተሰቤ እየጠየቁ ነው። ከዚያ ዝም አሉ። እየሰሙ ነው። ራሳቸውን ነቀነቁ። ጉብታው ላይ ያለ ሰው ሁሉ፣ ተራው ቢያልፍላቸው ውሃው የሚደርሳቸው ጭምር፣ ትንፋሹን ውጦ ያቺን አንዲት ክንድ ያያል። ክንዲቱ አልወረደችም። እንደገና ነቀነቁ። በቃ፣ እሺ ልጄ እያሉ ነው ብዬ ዓይኔን ልጨፍን ስል አያ ሽፈራው ክርኔን ያዙኝ።

አያ ምንይችል ለማይታይ ሰው ጎንበስ ብለው እጅ ነሱ። ይቅርታ እንደሚጠይቅ ሰው። ከዚያም ስልኩን ከጆሯቸው ቀስ አድርገው አወረዱና፣ በሌላው እጃቸው አመልካች ጣት አንዴ ተጫኑ።

ላፕቶፔ ላይ አንድ ቁጥር መጣ። አንድ። ያቺን ቁጥር ስንት ጊዜ ጽፌያታለሁ፤ እንዲህ አስለቅሳኝ አታውቅም። እትዬ ጥሩዬ እልል አሉ፤ አያ ሽፈራውም አንዲት ቃል ሳይናገሩ ዶማቸውን አንስተው ቦዩን ከፈቱት። ውሃው እየተንፏቀቀ ወርዶ የመጀመሪያውን መደብ ሲያገኝ አፈሩ ሲጠጣ ይሰማ ነበር። አያ ምንይችል ሱሪያቸውን ሰብስበው ውሃውን በዶማ እየመሩ፣ ስወርድ አይተውኝ «ዛሬስ ልጅቷ ደንብ አውቃለች» ብለው ጮሁልኝ። እንደዚያ የተመሰገንኩበት ቀን የለም።

አንባቢዬ፣ ከዚያ ቀን በኋላ ምን ተለወጠ ብትሉኝ፣ ማሳው ዳነ፤ ድንቹ ሲወጣ አንድ ጆንያ ቢሮ ድረስ ተልኮልን ዳዊት ሳይቀር ልጦ በላ። መመሪያዬን ጣልኩት፤ ግድግዳ ላይ ያለው ይበቃል። ለዳዊትም ከእንግዲህ የምሠራውን ነገር ሁሉ ንግግሩን የምጽፈው እኔ ነኝ፣ የምጽፈውም ኮዱ ከመሠራቱ በፊት ነው አልኩት። ቅጣቱ አልቆልሽ ነበር አለኝ። አሁን የምሠራው እንዲህ ነው፤ መጀመሪያ የሚሰማውን ሰው አስባለሁ፣ ቆሞ ነው ተቀምጦ፣ ባርኔጣ አለው የለውም፣ ማን አጠገቡ አለ። ቃሉን እጽፋለሁ። ኮዱ ከዚያ ይመጣል። እናንተም የምትሠሩት ነገር ምንም ይሁን ምን፣ ያልገባውን ሰው ከመውቀሳችሁ በፊት ሄዳችሁ አጠገቡ ሳይሆን ራቅ ብላችሁ ቆማችሁ እዩት። እኔ ያየሁት ከጉብታ ላይ ሆኜ ነው።

በቅርቡ አንድ አዲስ ልጅ ቀጠርን። ፈጣን ነው፣ አፉም ከእጁ አያንስም፤ ወደድኩት። የድሮውን ኮድ ሲያነብ ቆይቶ ጠራኝ። ገበሬው አንድን ከተጫነ በኋላ ሥራው ካለቀ መስመሩ ለምን ሳይዘጋ ይቆያል፣ ጥሪው ያለ ምክንያት ይረዝማል፣ ልቁረጠው ወይ አለኝ። ከመስመሩ ጎን የተጻፈውን አንብበው አልኩት። ኮድ ውስጥ፣ ማሽኑ የማያነበው፣ ለሚቀጥለው ሰው ብቻ የሚጻፍ ማስታወሻ አለ። ጎንበስ ብሎ ጮክ ብሎ አነበበው።

«እንዳትዘጋ። አያ ምንይችል ከተጫኑ በኋላ ስልኩን ወደ ጆሯቸው መልሰው ደህና ዋይ ይላሉ።»